አራት መቶ ኦም

መጋቢት 4 ቀን 2006፣ ሐሙስ። ፍኖተ ሰላም።

ዛሬ ቱቦዬ ስንት ሄክታር እንደሚያጠጣ ተጠየቅሁ።

ጠያቂው ፀጋው ነው፤ የፊዚክስ ክፍል ተጠሪያችንና የአንድ ለአምስታችን ጠርናፊ። ሐሙስ ሐሙስ አምስታችንን ሰብስቦ ሲያገማግመን ይውላል። ዛሬ «የመምህራን ችግር ፈቺ ምርምር» የሚል ቅጽ ይዞ መጣ። እኔም በየዋህነት «የኬሚካል ቅጥያ የካርቦን ናኖቲዩብን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት እንዴት እንደሚለውጥ» ብዬ ሞላሁ። አነበበው። ደግሞ አነበበው። እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካ።

«ቲዩብ ማለት ቱቦ አይደል?»

«ነው።»

«ጎሽ! ታዲያ መስኖ ብለሽ አትጽፊም? ስንት ሄክታር ያጠጣል?»

«ፀጋው፣ ከራስህ አንዲት ፀጉር ነቅለህ ሃምሳ ሺህ ቦታ ብትሰነጥቃት፣ ቱቦዬ ከስንጣሪዎቹ አንዷን ታክላለች።»

«እንግዲያ በጥቃቅንና አነስተኛ እናስመዝግበው» አለ። ሌሎቹ በሳቅ ወደቁ። እየቀለደ ይሁን የምሩን፣ ፊቱ አይናገርም።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ እዚህ መሰናዶ ትምህርት ቤት ከተመደብሁ አምስት ወሬ። ከክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ከፍተኛውን ነጥብ ያመጣሁ እኔ ነኝ፤ የምደባው ሎተሪ ግን ነጥብ አያነብም። ይህን ደብተር የጀመርሁት ቀን ቀን የምውጠውን የምተፋበት ባጣ ነው።

መጋቢት 7፣ እሁድ።

ቅዳሴ አልሄድሁም። አማካሪዬ ዶክተር ክንፈሚካኤል ያስተላለፉልኝን ኢሜይል ዐሥር ጊዜ አነበብሁት።

ነገሩ ከስሩ ይህ ነው። የካርቦን አተሞች እንደ ወንፊት ተያይዘው አንድ ስስ ሉህ ይሠራሉ፤ ሉሁ ሲጠቀለል ናኖቲዩብ ይሆናል። ኤሌክትሮን በግድግዳው ላይ ያለ ከልካይ ይነጉዳል። ግን ቱቦዎቹ ውሃ ይጠላሉ፤ ብትጨምሪያቸው እንደ ጥላሸት ይጓጉላሉ እንጂ አይበተኑም። ስለዚህ በናይትሪክ አሲድ ይቀቀላሉ። አሲዱ ግድግዳቸው ላይ ኦክስጅን ያለበት ቅጥያ ይተክላል፣ ያን ጊዜ ውሃ ይለምዳሉ፣ መስታወት ላይ እንደ ቀለም ይቀባሉ። ዋጋው ግን አለ። ቅጥያው የተተከለበት ካርቦን ከጓደኞቹ ተርታ ይወጣል። ከዚህ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ በየሃምሳ ሜትሩ ጉድጓድ እንደ መቆፈር ነው። ዓለም ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ ቅጥያ ሲበዛ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ይቀንሳል።

የእኔ ጨመረ።

በአሲድ ያልታከመው ናሙና ሬዚስታንሱ ዘጠኝ መቶ ኦም። የታከመው አራት መቶ። ሬዚስታንስ ሲወርድ ኤሌክትሪክ ይበልጥ ያልፋል ማለት ነው። ዶክተር ክንፈሚካኤል ቁጥሩን ባዩ ቀን ከወንበራቸው ተነስተው ጨበጡኝ። ወዲያው ጽሑፉን ለአንድ የውጭ መጽሔት ላኩት፤ የሳቸው ስም አንደኛ፣ የእኔ ሁለተኛ። ኮሪያ ያለ ፕሮፌሰር አይቶት ጻፈልኝ፦ ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በመጪው መስከረም የዶክትሬት ቦታ አለሽ።

አሁን በዚህ ኢሜይል አንድ ስሙን የሚደብቅ የመጽሔቱ ገምጋሚ ብቅ አለ። «ውጤቱ ከሚታወቀው ተቃራኒ ነው። ናሙናው በምን ዓይነት ውሃ፣ ስንት ጊዜ እንደታጠበ ይገለጽ፤ እንደገና ታጥቦ ይለካ።» መልስ እስከ ግንቦት 30።

እንዴት እንደታጠበ! ልብስ መሰለው እንዴ? ፀጋው እንኳ ሲገመግም ፊቱን ያሳያል። ስድስት ጊዜ ነው ያጠብሁት፣ በተጣራ ውሃ። የእኔን ከመሰለ አገር የወጣች ልጅ አዲስ ነገር ስታገኝ መጀመሪያ እጇን አሳዪ ነው የሚሏት።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ።

በችኮላ። አምስት ክፍለ ጊዜ። ጠመኔ አልቋል።

የቤተ ሙከራዋ ሠራተኛ እማዋይሽ እጄን ልትመታኝ ምንም አልቀራት። ዕቃ ላለቀልቅ ጄሪካን ባነሳ፣ በተማሪ ፊት «ቀይ ምልክት ያለውን አትንኪ!» ብላ ጮኸች።

«ባዶ ነውኮ፣ እትዬ። ታጥቧልም።»

«ባዶም ቢሆን፣ ቢታጠብም። አሲድ የያዘ ጄሪካን ውሃ አይዝም። እኔ ቤት ሕጉ ይኸው ነው።»

እኔ ቤት! ሃያ ዓመት ጠርሙስ ስትወለውል የኖረች ሴት ለእኔ ስለ አሲድ ልታስተምር። ጄሪካኖቿን ክርስትና ማስነሳት ብቻ ነው የሚቀራት።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ።

ተገመገምሁ። ፀጋው ቃል በቃል ያስመዘገበው፦ «መምህርት ያምሮት ክንዱ፤ የክህሎት ችግር የለባትም። የአመለካከት ችግር አለባት። ሰው ትንቃለች።» ውጤት፦ ሲ።

ሰው አልንቅም። የሚናቅ ነገር በዛ እንጂ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ።

ገምጋሚው ደግመሽ ለኪ አለ አይደል? ይኸው ለካሁ።

ከመመረቂያ ሥራዬ የተረፉኝን ቱቦ የተቀቡ የመስታወት ቁራጮች ከሻንጣ አወጣሁ፤ ሰባት የታከሙ፣ አራት ያልታከሙ። የትምህርት ቤቱ መልቲሜትር ገመዱ በፕላስተር የተያዘ ነው፤ ቢሆንም ይሠራል። የታከመው፦ አራት መቶ አምስት። በዐሥር ወር አምስት ኦም! እንደ ድንጋይ የጸና ውጤት። ብቻዬን ሳቅሁ።

እማዋይሽ ግን ከቁጥሩ ይልቅ መጠቅለያው ነው የገረማት። እያንዳንዱን ቁራጭ በደብተር ወረቀት ጠቅልዬው ነበር። የታከሙት ወረቀት ጠቁሮ፣ ሲነኩት እንደ ደረቀ የኮባ ቅጠል ይፈረፈራል። አንስታ በብርሃን አየችው፣ አሸተተችው።

«ይኼን ወረቀት ምን በላው?»

«የአገራችን ወረቀት ነዋ፣ እትዬ። ጥራቱ።»

«ወረቀት እንዲህ ሲሆን እኔ የማውቀው አሲድ ሲነካው ነው።»

«ታጥቧል። ስድስት ጊዜ።»

«በምን?»

ደወል ተደወለ፣ ወጣሁ። ካልታከሙት ላይ የፈታሁት ወረቀት እርግጥ ነጭ ነው። ከሌላ ደብተር የተቀደደ ይሆናል።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ። ገበዝ ማርያም።

ለፋሲካ ቤት ነኝ። አባቴ ሳልደርስ ወሬውን አድርሶታል፤ ቋሪት ወረዳ ላይ ኮሪያ መሄዴን ያልሰማ በሬ እንኳ ያለ አይመስለኝም። ጎረቤታችን አያ ቢሆነኝ ጠላውን ይዞ እግሬ ስር ተቀመጠ።

«ኮሪያ? ያ በጃንሆይ ጊዜ ክቡር ዘበኛ የዘመተበት? አጎቴ ሄዶበት ነበር። ብርድ ነው፣ ጋቢ ያዢ። ለመሆኑ የምን ጠላት ተነስቶባቸው ነው አንቺን የጠሩሽ?»

«ጠላት አይደለም፣ አያ፤ ትምህርት ነው።»

«አይ፣ ሴት ልጅ ባሕር ተሻግራ የምትጠራማ ቢጨንቃቸው ነው» አለ። አባቴ ጢሙን እየደባበሰ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ያየሁት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ የመጣ ቀን ነው።

ገና ያልተቆረጠ ነገር መሆኑን ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ለምን ይነገረዋል? የተቆረጠ ነው። ገምጋሚው መልሱን ሲያይ ያፍራል።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ።

ዶክተር ክንፈሚካኤል ደወሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ማር።

«ያምሮቴ፣ መልሱን ረቂቅ ላኪልኝ እንጂ። በሁለት መስመር የሚያልቅ ነገር። ‹በተጣራ ውሃ ገለልተኛ እስኪሆን ድረስ ታጥቧል፣ በድጋሚ ታጥቦ ተለክቷል፣ ለውጥ የለም› በይ።»

«በድጋሚ አላጠብሁትም እኮ፣ ዶክተር።»

«ብታጥቢው ይለወጣል ብለሽ ትጠረጥሪያለሽ?»

«አልጠረጥርም!»

«እንግዲያስ ምን አከራከረን? የእኔ የማዕረግ ዕድገት ፋይልም ይህችን ጽሑፍ እየጠበቀ ነው። ልጄ፣ ባቡር ሲነሳ ጫማ አይታሰርም።»

አገራችን ውስጥ ባቡር የት አይተው ነው።

እውነት ከሆነ ምን አስጨነቀኝ? ውሃው የተጣራ ነው። ያኔ የዩኒቨርሲቲው ማጣሪያ ተቃጥሎ ሦስት ወር ግዥ ሲጠበቅለት፣ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ መላ የፈጠርሁት እኔ ነኝ፤ ከቤት ስመለስ ቡሬ መገንጠያው ላይ ካለ የመኪና ባትሪ ቤት ሃያ ሊትር የባትሪ ውሃ ገዝቼ ሄድሁ። የባትሪ ውሃ የተጣራ ውሃ ነው። ማንም ያውቀዋል። ዶክተርም «ብልህ» ብለውኛል።

ረቂቁን ነገ እጽፋለሁ።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ።

ረቂቁን አልጻፍሁም። ቡሬ ሄድሁ። ለኢንተርኔት ነው ብዬ ወጣሁ፤ እዚህ ኔትወርክ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው። ሚኒባሱ መገንጠያው ላይ ሲያወርደኝ እግሬ በቀጥታ ወደ ባትሪ ቤቱ ሄደ።

ባለቤቱ ምናለ ይባላል። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር፣ ሱሪው በአሲድ የተበሳሳ። እንደምንም አስታወሰኝ።

«የዩኒቨርሲቲዋ እመቤት! ባትሪሽ ከረመልሽ?»

«ባትሪ አይደለም። ውሃው ንጹህ ነበር ወይ?»

«እንዴታ! ከባሕር ዳር በበርሜል የሚመጣ።»

«ጄሪካኑስ?»

«የቱ ጄሪካን?»

«የሸጥህልኝ። ከዚያ በፊት ምን ይዞ ነበር?»

ሳቀ። እንዴት እንደሳቀ! «እህቴ፣ የአሲድ ነዋ! እኔ ዘንድ ሌላ ምን ጄሪካን አለ? ለቅለቅ አድርገን እንሞላለን። አንዳንዴም ለቅለቅ አናደርግም። ለባትሪ ምኑ ነው? አሲድ ላይ አሲድ ቢጨመር ተጋቡ እንጂ ተጣሉ አይባል።»

አጠገቡ ቆሞ የነበረ የአይሱዙ ሹፌር፣ «ምን ልትጠጪው ኖሯል?» አለኝ።

አንድ ደደብ፣ ያልተማረ፣ ለሰው ንብረት ግድ የሌለው…

አይ። ቁጭ ብዬ አሰብሁት። ሰውዬው የባትሪ ውሃ ለባትሪ ነው የሸጠው። ናኖቲዩብ እጠቢበት አላለኝም።

ግንቦት 4፣ ሰኞ።

ምናልባት አሲዷ ትንሽ ናት። ሃያ ሊትር ውስጥ ጄሪካን ግድግዳ ላይ የቀረች ምን ታደርጋለች? ምንም። ከምንም ትንሽ ብትበልጥ ነው።

ወረቀቱ ግን ተፈረፈረ።

ስድስት ጊዜ አጠብሁ እያልሁ ስድስት ጊዜ ነክሬዋለሁ ማለት ነው? የቧንቧ ውሃ እንኳ ይሻል ነበር። አሲድ የሚያሳየውን ሊትመስ ወረቀት እንኳ አልነከርሁበትም። በሳንቲም የሚገዛ ወረቀት! የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚያደርገውን። መላ ፈጣሪዋ፣ ብልኋ።

ለዐሥራ አንደኛ ሲ ክፍል ዛሬ ሁለት ጊዜ ያንኑ ትምህርት አስተማርሁ። ማንም አልነገረኝም። አፈሩልኝ መሰል።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ።

ጠዋት ቤተ ሙከራ ገባሁና ለእማዋይሽ ሁሉንም ነገርኋት። በምን አጠብሽው ላለችኝ ጥያቄ መልሱን ከወር ተኩል በኋላ። እንደምትስቅብኝ እርግጠኛ ነበርሁ፤ እኔ ብሆን እስቅ ነበር። አልሳቀችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ውሃ ይቅደም» አለች።

«የአረቄ ማውጫ ከጎረቤት ብንዋስስ?» አልሁ።

«በኮሶ አረቄ ልታጥቢው ነው? ተቀመጪ።»

ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ ጥቅልል አወጣች። አሮጌ ቀሚስ፣ በውስጡ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ውስጥ አንዲት ስንጥቅ የሌላት የመስታወት ማጣሪያ፣ ከነማቀዝቀዣ ቱቦዋ። በደርግ ጊዜ የመጣች ናት አለች።

«ይህ እያለ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? እዚህ የሚመጣ መምህር ሁሉ ‹ይህ ትምህርት ቤት ምንም የለውም› እያለ ነው የሚገባው። የለውም ላለ ሰው ምን አሳየዋለሁ?»

እንደዚያ ያልሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ኅዳር ላይ ነው። እትዬ እማዋይሽ በር ላይ ቆመው ነበር።

ውሃው ጠብታ በጠብታ እስኪጠራቀም እስከ ቀትር ጠበቅን። ከታከሙት ሦስት ቁራጮች ወስደን አጠብናቸው። እትዬ እማዋይሽ የመጀመሪያውን እጣቢ በጠባብ ብርጭቆ ቀድተው ሁለት ጠብታ ባሪየም ክሎራይድ አንጠባጠቡበት። ውሃው እንደ ወተት ነጣ። የባትሪ አሲድ ትቶት የሚሄደው ምልክት ነው፤ መጽሐፍ ላይ መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ጠብታው ውሃውን ማንጣቱን እስኪያቆም ደጋግመን አጠብን። አደረቅን። ለካሁ።

ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዐሥር።
ሁለት ሺህ አራት መቶ ሰባ።
ሁለት ሺህ ሰባት መቶ።

አራት መቶ የነበረው ነው። ካልታከመው ከዘጠኝ መቶውም በሦስት እጥፍ የባሰ። ዓለም ሁሉ እንዳለው፣ ስሙን የደበቀው ሰውዬ እንዳለው። ቅጥያው ጉድጓዱን ቆፍሮ ነበር፤ የባትሪ አሲዱ ትራፊ ደግሞ በቱቦዎቹ ላይ ተቀምጦ ኤሌክትሮን እየሳበ የሚነጉደውን አበዛ። መንገዱ አልተጠገነም፤ መኪናው በዛ እንጂ። እኔም መኪናውን ቆጥሬ መንገዱ ተሻሻለ ብዬ ጻፍሁ።

«አለቀ» አልሁ።

«ምኑ?» አሉ። «ዕቃውን እጠቢ።»

ግንቦት 20፣ ረቡዕ።

በዓል። ስታዲየም። ባነር ያዢ ተባልሁ፤ ያዝሁ። ነፋሱ ለእኔም ለመፈክሩም አላዘነም። ፀጋው የትምህርት ቤቱን ስኬት በማይክሮፎን ሲዘረዝር «በናኖ ቴክኖሎጂ ዘርፍ ዓለም አቀፍ ውጤት ያስመዘገበች መምህርት አፍርተናል» አለ። ተጨበጨበልኝ። ሲ የሰጠኝ ሰው ነው።

መሬት ብትከፈት ባነሩን ይዤ እገባ ነበር።

ከዶክተር ክንፈሚካኤል አምስት ያልተመለሰ ጥሪ። ለመልሱ ዐሥር ቀን ቀረ።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ ልጻፈው፤ ጽፌ ልየው። የታጠቡት ሦስት ናቸው። ያልታጠቡት አራት አሉ። ያልታጠቡትን ልኬት ብልክ ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ በገዛ ዓይኔ ያነበብሁት ነው። ኮሪያ ገብቼ ከዚያ በኋላ ላርመው እችላለሁ። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። ከእትዬ እማዋይሽ በቀር የሚያውቅ የለም፣ እሳቸውን ደግሞ ማን ይጠይቃል?

ተጽፎ ሲታይ ያስጠላል።

ግንቦት 25፣ ሰኞ። ገበዝ ማርያም።

አባቴን ልነግረው አስፈቅጄ መጣሁ። ዝናቡ ጀምሯል፤ ከአይሱዙው ስወርድ እስከ ጉልበቴ ጭቃ። እርሻ ላይ አገኘሁት። ሞፈሩን አቁሞ ድንበሩ ላይ ተቀመጠ። ስለ ቱቦው፣ ስለ ጄሪካኑ፣ ስለ አራት መቶው አስረዳሁት። በመሃሉ አላቋረጠኝም። ይገባው አይገባው እንጃ እያልሁ ነበር፤ ይኸው የእኔ ነገር።

«እንግዲህ» አለ በመጨረሻ፣ «ስንዴሽ ውሃ ጠጥቶ ነበር በይኛ።»

«እንዴት?»

«ገበያ የሚወጣ ስንዴ ላይ ውሃ ርጭት የሚያደርግ አለ። ሚዛን ላይ ያምራል። የገዛው ሰው ጎተራ ሲገባ ነው ጉዱ፤ ይሻግታል፣ የሌላውንም ያሻግታል።»

«እኔ ሆን ብዬ አይደለም፣ አባዬ።»

«ሳታውቂ የረጠበ ስንዴ ሸጠሽ ነበር፤ ይሁን፣ ዝናብ ነው። አሁን ግን አውቀሻል። ከእንግዲህ ያለው ዝናብ አይደለም።»

«ኮሪያ ይቀራል። ለሰው ሁሉ ነግረሃል።»

በሬዎቹን አየ።

«የነገርሁት እኔ ነኝ፤ የምመልሰውም እኔ ነኝ። ቢሆነኝን ጋቢህን ወደ ሣጥኑ መልስ እለዋለሁ፤ ሊሰጥሽ አሳጥቦ አስቀምጦታል።» ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ሞፈሩን ያዘ። እኔን ሳያይ «ደግ አደረግሽ መምጣትሽ» አለና በሬዎቹን ጮኸባቸው። ምንም አላጠፉም።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ።

ቡሬ፣ ኢንተርኔት ቤት። የፀጋውን ስብሰባ ቀርቼ ነው፤ አንድ ሲ ይጨምርልኝ።

ለመጽሔቱ፦ ውሃው የት እንደተገዛ፣ በምን ዕቃ እንደመጣ፣ ታጥቦ የተገኘው ቁጥር። ጽሑፉ እንዲነሳ እንጠይቃለን ልል ብዬ «እጠይቃለሁ» አልሁ፤ ዶክተር አልፈቀዱምና። ለእሳቸው ቀድሜ ልኬላቸው ነበር። ለኮሪያው ፕሮፌሰርም ያንኑ።

«ላክ» የሚለውን ስጫን ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ መተው እችል ነበር። በአራተኛው ሄደ።

የዶክተር ክንፈሚካኤል መልስ ሚኒባስ ውስጥ ደረሰኝ፦ «በገዛ እጅሽ። እኔንም ጨምረሽ። ከዚህ በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ ከእኔ እንዳትጠብቂ።» ሳነብ ከጎኔ የተቀመጡት እናት «መርዶ ነው ልጄ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ የሥራ ነው» አልሁ። መሀረባቸውን ሰጡኝ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ።

የኮሪያው ፕሮፌሰር በስልክ። የዕረፍት ሰዓት ነበር፤ ግቢው ጫጫታ ስለሆነ ቤተ ሙከራ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ቀድሞ የማይቀረውን ነገረኝ፦ የዘንድሮው ቦታ ያለ ታተመ ጽሑፍ አይሰጥም፣ ለሌላ ሰው ሄዷል። ጨዋ ነው፤ አላለሳለሰውም፣ አላረዘመውም። አመሰግናለሁ አልሁ። ሊዘጋ ነው ብዬ ስጠብቅ ጥያቄ ጀመረ።

«አራት መቶው በአየር ላይ ተቀምጦ ለምን ያህል ጊዜ ጸና?»

«ዐሥር ወር። አራት መቶ አምስት ሆነ።»

«ያን ያህል መጽናቱ እንግዳ ነው። አሲዱ ምን ያህል ነበር?»

«የጄሪካን ትራፊ።»

«ከምን ያህል ጀምሮ ነው ለውጡ የሚታየው? ከአንድ በመቶ? ከአንድ በሺህ?»

እዚህ ላይ ብዙ ነገር ልል እችል ነበር። መጽሐፍ ልጠቅስ፣ ልገምት፣ በእርግጠኝነት ልናገር፤ የለመድሁት ነው። አላውቅም፣ አልለካሁትም አልሁ።

«ብትለኪው እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ» አለ። ተስፋ አልሰጠኝም፤ ልብ ብዬ ሰምቻለሁ፣ አልሰጠኝም። ማወቅ እፈልጋለሁ ብቻ ነው ያለው።

ዞር ስል እትዬ እማዋይሽ መደርደሪያ ሲወለውሉ ነበር። እንግሊዝኛውን ሁሉ ሰምተዋል።

«አንድ በሺህ ለማዘጋጀት ፒፔት አለኝ» አሉ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ። ቤተ ሙከራ።

ፈተና አልቆ ግቢው ባዶ ነው። ናሙና፦ ከሦስቱ የታጠቡ የመጀመሪያው። በየተራ አሲድ እየጨመርን፣ እያደረቅን፣ እንለካለን። ሌላ ደብተር የለም፣ ይኸው ይሁን። የእኔ ቁጥር ስቸኩል አይነበብም ተብያለሁ፤ ከዚህ በታች የሚጽፉት እትዬ እማዋይሽ ናቸው።

ንጹህ፣ ያለ አሲድ — 2610
አንድ በዐሥር ሺህ — 2590
አንድ በሺህ — 2240። ተደግሞ ተለካ — 2235
አንድ በመቶ — 1150። ተደግሞ ተለካ — 1160
አንድ በዐሥር — 380። ያምሮት ደስ ብሏት ሳይደርቅ ስለለካችው ይህ አይቆጠርም። ተሰርዟል። ይደገም።